ፎቶ ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲሻገር

አክስቴ ቡና ስትቀዳ ያነሳኋት አንድ ፎቶ አለኝ። ፊቷ አለ፣ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ አለ፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ረከቦቱ የለም፣ ሲኒዎቹ የሉም፣ ጀበናውን የያዘው እጇም የለም። ፎቶው ሲነሳ ሙሉ ነበር። የተቆረጠው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አንድ የክረምት ማታ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ፎቶዬን ከሞላው ዲስክ ወደ አዲስ ዲስክ ሳዛውር ነው። ጭነቱ ከአንድ ቴራባይት ተኩል በላይ ነበር። ሁሉንም መርጬ ‹‹ከት›› አልኩ፤ አዲሱ ላይ ‹‹ፔስት›› አልኩ፤ ልተኛ ስል መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ። ትልቁ አዲስ ዲስክ ግን ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳው ሶኬት ነበርና እዚያው ቀጥ አለ።

መብራት ሲመጣ የቀረውን አዛወርኩ። ኮምፒውተሩ መጨረሱን ነገረኝ፤ እኔም አመንኩት። በማግስቱ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጌ ለሌላ ሥራ ሞላሁት። ጉዳቱን ያወቅኩት ከወራት በኋላ፣ ለአክስቴ ሙት ዓመት የሚሆን ፎቶ ስፈልግ ነው። ስድሳ ያህል ፎቶዎች ወይ ተቆርጠዋል ወይ ጨርሶ አይከፈቱም። አሮጌው ዲስክ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጽፎበታል።

የሆነው ይህ ነው። ‹‹ከት›› የተባለ ፋይል አዲሱ ዲስክ ላይ ተጻፈ ከተባለ በኋላ ከአሮጌው ይሰረዛል። ይሁን እንጂ ‹‹ተጻፈ›› የሚባለው ብዙ ጊዜ ፋይሉ ዲስኩ ላይ በእርግጥ ሳይቀመጥ ነው። የመጨረሻው ጭነት ለጥቂት ጊዜ በጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ኃይሉ በዚያ መሐል ከተቋረጠ ፎቶው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥፋቱን በመብራት ማመካኘት አልችልም። ጥፋቱ የተወለደው ፎቶው በዓለም ላይ አንድ ቅጂ ብቻ እንዲኖረው ባደረግኩበት ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲህ ባነበብኩትና ባየሁት ሁሉ ይህ ሐሳብ እየጠነከረ እንጂ እየላላ አልመጣም። ይህ ዳሰሳም የሚመዝነው እሱን ነው፦ የፎቶ ማኅደር ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲሻገር የሚጠፋው የት ላይ ነው? ካሉት መንገዶችስ የትኛው ለማን ይሆናል?

ድሮ ሁለት ነበር

በፊልም ዘመን ማንም ሳያስብበት እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ቦታ ይቀመጥ ነበር። የታጠበው ፎቶ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፤ ኔጋቲቩ ስቱዲዮው ጋ ይቀራል። አልበሙ ቢጠፋ ኔጋቲቩ አለ፤ ስቱዲዮው ቢዘጋ አልበሙ አለ። ‹‹ቪንቴጅ አዲስ አበባ›› የተባለው የፎቶ መጽሐፍ የድሮውን ከተማ ኑሮ ሊያሳየን የቻለው የከተማው ቤተሰቦች አልበማቸውን በየቤታቸው ስላቆዩት ነው።

ዲጂታል ካሜራ ይህን ልማድ ሳናስተውለው ወሰደብን። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአይቢኤም የመጀመሪያው ዲስክ 50 ትልልቅ ሰሌዳዎች ይዞ የሚያስቀምጠው 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንድ የስልክ ፎቶ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ አንድ ምስል ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። አሁን አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ በአንድ ቀን 3,000 ምስል ሮው በተባለው ጥሬ ፎርማት ቢያነሳና አንዱ 30 ሜጋባይት ቢሆን 90 ጊጋባይት ይዞ ቤቱ ይገባል። አሥራ አንድ ሰርግ አንድ ቴራባይት ይሞላል ማለት ነው። ጭነቱ እንዲህ ሲያድግ ኔጋቲቩን የሚተካ ነገር አልመጣም። ስለዚህ ዲስክ በሞላ ቁጥር መላው ማኅደር ይነሳና ይጓዛል፤ በተጓዘ ቁጥርም አደጋ አለ።

የሚዛወረው ምስሉ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው የፎቶ ማኅደር ማለት የፎልደሮች ክምር ይመስለዋል። ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ምስሉ ራሱ፣ ሌላው ስለ ምስሉ የምናውቀው። መቼ ተነሳ? ማን ነው ያለበት? የትኛው ተመረጠ? ቀለሙ እንዴት ተስተካከለ? ይህ ሁለተኛው ክፍል እንደየፕሮግራሙ የተለያየ ቦታ ይቀመጣል። ምስሎቹ ሁሉ በደኅና ተሻግረው የዓመታት ልፋት የሚጠፋውም በዚህ በኩል ነው።

የአዶቤ ላይትሩም ክላሲክ ካታሎግ ለምሳሌ ፎቶ አይዝም። የሚይዘው የፎቶውን አድራሻና የተሠራበትን ሥራ ነው። ፎልደሩን ከፕሮግራሙ ውጭ ወደ ሌላ ዲስክ ካዛወሩት ካታሎጉ የድሮውን አድራሻ ይዞ ይቀራል፤ በፎልደሩ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ በየፎቶው ላይም የቃለ አጋኖ ምልክት ያወጣል። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ ፎቶዎቹን እንደ አዲስ ካስገባቸው ያስተካከለው ሁሉ የሌለባቸው ጥሬ ፎቶዎች ይመጡለታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የጠፋውን ፎልደር እንዲፈልግ ማዘዝና አዲሱን ቦታ ማሳየት። ዊንዶውስ ላይ ከዚህም የሚቀል ነገር አለ፤ የፎልደሮቹ አቀማመጥ ሳይቀየር አዲሱ ዲስክ የአሮጌውን ፊደል እንዲይዝ ከተደረገ ካታሎጉ ለውጥ መኖሩንም አያውቅም።

የአፕል ፎቶዎች ፕሮግራም ደግሞ ሁሉን በአንድ ትልቅ ጥቅል ውስጥ ያስቀምጣል። ጥቅሉን ከፍቶ ከውስጡ ፋይል እየመዘዙ ማውጣት ማኅደሩን ማፍረስ ነው፤ የሚዛወረው እንዳለ፣ በሙሉ ነው። የሚቀመጥበትም ዲስክ በማክ አሠራር፣ ማለትም በኤፒኤፍኤስ ወይም ከሱ በፊት በነበረው የማክ ፎርማት የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከዚህ የባሰ ወጥመድም አለ። ‹‹የማክን ቦታ ቆጥብ›› የሚለው የአይክላውድ ምርጫ በርቶ ከሆነ ማክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ፎቶዎች ትንንሽ ምስሎች ናቸው፤ ዋናዎቹ ያሉት ክላውድ ላይ ነው። ያንን ጥቅል ገልብጦ ‹‹ፎቶዬን አዳንኩ›› ያለ ሰው የያዘው ጥላውን ነው። ከመዛወሩ በፊት ዋናዎቹ ፎቶዎች ወደ ማክ እንዲወርዱ ማዘዝና እስኪጨርሱ መጠበቅ ግድ ነው።

ከጉግል ፎቶስ የሚወጣም እንዲሁ ይጠንቀቅ። ጉግል እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ጀምሮ አዲስ የሚጫን ፎቶን ሁሉ ከነጻው 15 ጊጋባይት ላይ መቁጠር ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ፎቶውን ወደ ዲስክ እያወረደ ነው። ቴክአውት በተባለው አገልግሎት በኩል ሲወርድ እዚያው ጉግል ላይ የተጻፈው መግለጫና የተስተካከለው ቀን ከፎቶው ጎን በትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተለይቶ ይመጣል። ‹‹ይህ ምን ያደርግልኛል?›› ብሎ የሰረዘው ሰው መግለጫውንና የተስተካከለውን ቀን አብሮ ሰረዘ።

አምስት መንገዶች

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጎትቶ መገልበጥ። ‹‹ኮፒ›› እስከተባለና ‹‹ከት›› እስካልተባለ ድረስ በራሱ ክፉ አይደለም። ለጥቂት ጊጋባይት ይበቃል። መቶ ሺህ ፋይል ሲሆን ግን ሦስት ድክመቱ ይወጣል። መሐል ላይ ከቆመ የት እንደቆመ አይነግርም። አንድ የማይነበብ ፋይል ሲያገኝ ጥያቄ አውጥቶ ይቆማል፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያድራል የተባለው ሥራ ጠዋት ገና 8 በመቶ ላይ ይገኛል። ሲጨርስም የተጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር አያስተያይም።

ሁለተኛው ለዚሁ ሥራ በተዘጋጀ ፕሮግራም መገልበጥ ነው። ዊንዶውስ ሮቦኮፒን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ሊነክስና ማክ ላይ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት አርሲንክ አለ። ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ፍሪፋይልሲንክ ሁለቱን ዲስኮች ጎን ለጎን እያሳየ ይሠራል። የነዚህ ትልቁ ጥቅም ቢቋረጡም ሲመለሱ የሄደውን ዘለው የቀረውን መቀጠላቸው ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ ብቻውን ለምርጫ ይበቃል። አንድ ነገር ግን በጣም ያስፈራል። ‹‹ሚረር›› የተባለው አሠራር ሁለተኛውን ዲስክ ልክ እንደ መጀመሪያው ያደርገዋል፤ መጀመሪያው ላይ የሌለውን ከሁለተኛው ይሰርዛል። አቅጣጫው በስሕተት ከተገለበጠ ባዶው ዲስክ ምንጭ ሆኖ ሙሉውን ባዶ ያደርገዋል። ማኅደር ለሚያዛውር ሰው ይህ አሠራር ምንም አይፈይድለትም፤ አይንካው።

ሦስተኛው ክሎን ነው፤ ዲስኩን እንዳለ፣ ክፍፍሉንና ስሙን ሳይቀር መቅዳት። ፎቶ ብቻ ለያዘ ጤነኛ ዲስክ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ዲስኩ መታመም ሲጀምር፣ ሲንቀጫቀጭ ወይም ለመክፈት ደቂቃዎች ሲፈጅ ግን ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም መጀመሪያ ጤነኛውን ክፍል ሁሉ በፍጥነት ያወጣል፤ የታመመውን በመጨረሻ ተመልሶ ይሞክራል። እየሞተ ያለን ዲስክ ፎልደር በፎልደር እየከፈቱ ማሰስ የቀረችውን ዕድሜ መጨረስ ነው።

አራተኛው በፎቶ ፕሮግራሙ በራሱ በኩል ማዛወር ነው። ላይትሩም ውስጥ ፎልደሩን ጎትቶ አዲሱ ዲስክ ላይ መጣል ይቻላል፤ አድራሻውም አብሮ ይታረማል። ይህ ግን ገልብጦ ሳይሆን ነቅሎ የሚወስድ አሠራር ስለሆነ የእኔን ማታ ይመስላል። ለአንድ ሰርግ ፎልደር ይሁን፤ ለመላው ማኅደር ግን መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ አድራሻውን ማሳየት ይሻላል።

አምስተኛው ክላውድ ነው። በክላውድ በኩል ከዲስክ ወደ ዲስክ መሻገር ለብዙዎቻችን አያዋጣም፤ ሒሳቡ ይህን ይናገራል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር አንድ ቴራባይት ያለ አንዳች መቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ከዚያ መልሶ ማውረድ አለ። ክላውድ ዋጋ የሚኖረው ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ሲሆን ነው፤ እሱም ሁሉንም ሳይሆን የተመረጡትን ቢይዝ ለብዙ ቤተሰብ ይበቃል።

ስለ ዲስኩና ስለ ኬብሉ

አዲስ ዲስክ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጥበት ነገር 1 ቴራ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024፤ ባይቱ ያው ነው። እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ነው። 2 ቴራ ነኝ እያለ ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ ፍላሽ በዓለም ገበያ ላይ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ፍላሽ ሲሞላ አይናገርም፤ ፋይሉን የተቀበለ መስሎ ይጥለዋል፣ ወይም በፊተኛው ላይ ይጽፋል። ኤች2ቴስትደብሊውና ኤፍ3 የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጥግ ሞልተው መልሰው በማንበብ ይህን ያጋልጣሉ። ዲስኩ ከውጭ በሰው የመጣ ከሆነና ለመመለስ የማይቻል ከሆነ ፎቶ ከመጫኑ በፊት ይህን ፈተና ማለፍ አለበት።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ? ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ ቢወድቅም ይችላል፤ ለሚሠራበት ማኅደር ምርጫው እሱ ነው። ነገር ግን ኃይል ሳያገኝ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲቆይ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ምስሉን የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል በጊዜ ብዛት ይሳሳል። ሃርድ ዲስክ በተመሳሳይ ገንዘብ ብዙ ይይዛል፤ ለሚቀመጥ ቅጂ ይመቻል፤ እየዞረ እያለ መመታት ግን ይገድለዋል።

ኬብሉ የሚያመጣውን ልዩነት ብዙ ሰው አይገምተውም። በዩኤስቢ 2 ወደብ በሰከንድ 35 ሜጋባይት ያህል ያልፋል፤ 2 ቴራ ለማሻገር 16 ሰዓት ነው። ዲስኩ ያው ሆኖ ዩኤስቢ 3 ላይ ቢሰካ፣ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ቢሄድ፣ ከ5 ሰዓት በታች ይበቃዋል። ኤስኤስዲ ከኤስኤስዲ በ450 ሜጋባይት ቢሄድ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያልፍም። ይህ ትልልቅ ፋይል ሲሆን ነው፤ መቶ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ከዚህ ብዙ ይዘገያሉ። ፍጥነት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። 16 ሰዓት ማለት መብራት ለመጥፋት፣ ልጅ ኬብሉን ለመንካት፣ ላፕቶፑ ለመተኛት የ16 ሰዓት ዕድል አላቸው ማለት ነው።

የፎርማቱም ምርጫ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኤክስፋት ዊንዶውስም ማክም ያነብቡታል፣ ይጽፉበታልም፤ ስለዚህ ተወዳጅ ነው። ግን የጀመረውን ሥራ የሚመዘግብበት መዝገብ የለውም፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ከሌሎቹ ይልቅ ይጎዳል። ኤንቲኤፍኤስና ኤፒኤፍኤስ ከመቋረጥ በኋላ ራሳቸውን ለመመለስ የተሻለ አሠራር አላቸው። ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረጅም ቪዲዮ ያለበት ማኅደር አይገባበትም። ሁለት ዓይነት ኮምፒውተር የማይጠቀም ሰው የኮምፒውተሩን የራሱን ፎርማት ይምረጥ። ኃይሉን ከግድግዳ የሚወስድ ዲስክ ያለው ደግሞ ለዚያች ማታ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጠውን ዕቃ፣ ይዋስ፤ ወይም ከላፕቶፑ በኬብል ብቻ ኃይል የሚያገኝ ትንሽ ዲስክ ይግዛ።

የእኛ ቀን፣ የእኛ ፊደል

በውጭ በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኝ፣ የእኛ ብቻ የሆነ ጉዳይ አለ። የካሜራው ሰዓት የሚሞላው በእጅ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ‹‹3፡00›› ብሎ የሞላ ሰው ፎቶው ውስጥ የሚጻፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላም አለ፤ የሱ ፎቶዎች ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዚያ የሁለት ካሜራና የአንድ ስልክ ፎቶ አዲሱ ዲስክ ላይ ሲቀላቀል ሙሽራዋ ከመኳኳሏ በፊት ኬኩ ይቆረጣል። ኤክሲፍቱል የተባለው ነጻ ፕሮግራም የአንድን ካሜራ ፎቶ ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ስድስት ሰዓት ወይም ሰባት ዓመት ማስኬድ ይችላል። ሥራው የሚሠራው ግን ቅጂው ተረጋግጦ ካለቀ በኋላ ነው፤ ማዛወርና ማረም በአንድ ማታ አይቀላቀሉ።

ፎልደር ሲሰየም ዓመት፣ ወርና ቀን በቁጥር ቢቀድሙ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል። ‹‹2016-05-11 ጥምቀት›› ጥር 11 ቀን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2024። ጳጉሜን 13 ብሎ መጻፍም ለፎልደር ስም ችግር የለውም፤ ፎቶው ውስጥ የሚጻፈው ቀን ግን 13ኛ ወር አያውቅምና በፈረንጁ ይቆይ። ዋናው ነገር ሁለቱን አለመቀላቀል ነው። ‹‹2010›› የሚል ፎልደር የዛሬ ሠላሳ ዓመት ለሚከፍተው ልጅ የትኛው 2010 እንደሆነ አይነግረውም፤ ‹‹ዓ.ም.›› ወይም ‹‹እ.ኤ.አ.›› ቢጨመርበት ይነግረዋል።

በፊደላችን መሰየም ይቻላል፣ ይገባልም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ይታወቅ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ፊደላችን በብዙ ሥርዓቶች ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሊነክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይገለበጥም። ሁለተኛ፣ አሮጌ የዚፕ ፕሮግራም የአማርኛ ስምን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ስም አጭር ይሁን፤ ዚፕም ካላስፈለገ ይቅር።

የቴሌግራምና የዋትስአፕ ፎቶስ? ከማኅደራችን ብዙው ዛሬ ከዚያ የመጣ ነው። እንደ ፎቶ ሲላክ ሁለቱም ምስሉን ያሳንሱታል፤ የተነሳበትን ቀንና ቦታም ከውስጡ ያወጡታል። ከአሜሪካም ሆነ ከእስራኤል የመጣው የዘመድ ልጅ ክርስትና ፎቶ ቀኑ የሚታወቀው ከፋይሉ ስም ወይም ስልኩ ከመዘገበው ሰዓት ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲገለበጥ ‹‹የተፈጠረበት ቀን›› የሚለው ወደ ዛሬ ይቀየራል። ስለዚህ እነዚህ ከመዛወራቸው በፊት ቀኑን በፎልደሩ ስም መጻፍ ይገባል። ወደፊት ደግሞ ዘመድን ‹‹እንደ ፋይል ላክልኝ›› ማለት ነው፤ ያኔ ምስሉም ቀኑም ሙሉ ሆኖ ይደርሳል።

ማመን ሳይሆን ማየት

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቃል የሚለው እምነት ከእውነት የራቀ ነው። የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት፣ ከ100,000 በላይ ዲስኮችን በተመለከተ ጥናት ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አላሳዩም። በብዙ ሺህ ዲስኮች የሚሠራው ባክብሌዝ የተባለው ድርጅት ደግሞ ለእ.ኤ.አ. 2023 የዘገበው የዓመት ሞት 1.4 በመቶ ያህል ነው። ለአንድ ዲስክ ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን የአንድ ቤተሰብ ዲስክ ከሞተ ለዚያ ቤት መቶ በመቶ ነው።

ማረጋገጥ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው የፋይሉን ብዛትና ጠቅላላ ባይቱን በሁለቱም በኩል ማየት ነው። አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ የጎደለውን ያሳያል፣ የተበላሸውን ግን ሁልጊዜ አያሳይም። የእኔ የተቆረጡ ፎቶዎች ስማቸው ከነመጠናቸው ተመዝግቦ ነበር። ሁለተኛው አሻራ ማስተያየት ነው። ሻ-256 የተባለው ስሌት የአንድን ፋይል ይዘት በሙሉ አንብቦ አጭር አሻራ ያወጣለታል፤ ከፋይሉ አንድ ነጥብ ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። አርሲንክና ፍሪፋይልሲንክ ይዘትን ከይዘት እንዲያስተያዩ ማዘዝ ይቻላል፤ ቴራኮፒ የተባለው የመገልበጫ ፕሮግራምም ከገለበጠ በኋላ እንዲያስተያይ ማዘዝ ይቻላል። ጊዜው የመገልበጡን ያህል ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ይሥራ። ከማስተያየቱ በፊት ግን ዲስኩን በሥርዓቱ አውጥቶ፣ ነቅሎ፣ መልሶ መሰካት ይገባል። አለዚያ ኮምፒውተሩ ከጊዜያዊ ማቆያው እያነበበ ዲስኩን ያነበበ ሊመስለው ይችላል። ሦስተኛው በዓይን ማየት ነው። ከየዓመቱ ጥቂት ፎቶ፣ አንድ ረጅም ቪዲዮ እስከ መጨረሻው፣ አንድ የተስተካከለ ፎቶ በካታሎጉ በኩል። ሦስቱም ካላለፉ ማዛወሩ አላለቀም።

ያልተፈተነ ባክአፕ ምን እንደሚያደርስ የፊልም ድርጅቱ ፒክሳር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ‹‹ቶይ ስቶሪ 2›› እየተሠራ ሳለ በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ሥራ ተሰረዘ። ባክአፕ ነበር ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሲከፈት ግን በትክክል እየሠራ አልነበረም። ፊልሙን ያዳነው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጋሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ለመሥራት የወሰደችው ቅጂ ነው። በዓለም ትልቅ ከሚባሉት የፊልም ድርጅቶች አንዱ የዳነው ሌላ ቤት በነበረ አንድ ኮምፒውተር ነው።

ሌላ ቤት ያለ ቅጂ

ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ሕግ በሦስት ቁጥር ይጠራል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ለእኛ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ሲነሱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀረጹ። ቅጂው አዲስ አበባ ብቻ አልቀረም፤ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ባለው ቤተ መጻሕፍትም ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ የዕድሜያቸውን ዓመታት የሰጡት ለነዚያ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ምስሉ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ምስሉ የተጻፈው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም ተጠብቀው ሁለት አህጉር ላይ በመቀመጣቸው ዛሬ ተመራማሪ ያገኛቸዋል። የአንድ ቤተሰብ ማኅደር ከዚህ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። አንድ ዲስክ በራስ ቤት፣ አንድ ዲስክ በእህት ቤት፤ በየበዓሉ ሲገናኙ መለዋወጥ። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ደግሞ አንዱን ቅጂ ለሚሄድ ሰው ይስጥ።

ፍርዱ

ከተመለከትናቸው መንገዶች ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ለመገልበጥ በተሠራ ፕሮግራም፣ በኮፒ፣ ያለ ሚረር፣ በዩኤስቢ 3፣ ከዚያም አሻራ ማስተያየት። የታመመ ዲስክ ያለው ክሎን ያድርግ። ላይትሩም የሚጠቀም ገልብጦ አድራሻ ያሳይ። የአፕል ጥቅል ያለው ዋናዎቹ መውረዳቸውን ሳያይ አይንካው። ክላውድ ደጋፊ ይሁን፣ መሻገሪያ አይሁን። ማረም፣ መሰረዝ፣ ድግግሞሽ ማጥራት ሁሉ ከማረጋገጡ በኋላ ይምጣ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደተባለው የማዛወር ማታ የጽዳት ማታ አይደለም።

አሮጌው ዲስክ ፎርማት አይደረግ። ታሽጎ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ ‹‹እስከዚህ ድረስ ያለው›› ተብሎ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ዕድሜው የገፋ ዲስክ ነውና እንደ ሁለተኛ ቅጂ ሊቆጠር አይገባም፤ ሦስተኛ ይሁን። ሁለተኛው አዲስ መሆን አለበት። ይህ ወጪ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ በዚያ ክረምት የቆጠብኩት የአንድ ዲስክ ዋጋ ነበር፤ የአክስቴን እጅ ግን ዛሬ በየትኛውም ዋጋ አላገኘውም። ስለዚህ ዲስካችሁ ሞልቶ አዲስ ለመግዛት ስትወጡ ሁለት ግዙ።